ስትሮክ ያለፈበትን ሰው ለኢኢጂ ምርመራ ማዘጋጀት

ስትሮክ ከመታው ወራት ወይም ዓመታት ያለፉትን ሰው የአንጎሉን ኤሌክትሪካዊ እንቅስቃሴ ለሚመዘግበውና የሚጥል በሽታን ለማጣራት ለሚረዳው የኢኢጂ ምርመራ ሲያዘጋጁ፣ አስቀድመው የምርመራውን ምንነት በሚገባው ቋንቋ ያስረዱት፤ ጅማ ውስጥ ይህ ለብዙዎች አፋን ኦሮሞ ነው። ኤሌክትሪክ የሚለውን ቃል ሰምተው የሚነዝራቸው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸውና፣ መሣሪያው ወደ ጭንቅላት የሚልከው ነገር እንደሌለና አንጎል ራሱ የሚያመነጨውን እጅግ ደካማ ምልክት፣ የራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ሃያ ያህል ኤሌክትሮዶች እንደሚቀበል ይንገሩት።

በዋዜማው ሹሩባ ይፈታ፣ ፀጉር በሳሙና ይታጠብ። ራስ ምታት በተነሣ ቁጥር አናት ላይ ለጋ ቅቤ ማድረግ የለመዱ እናቶች ምርመራው እስኪያልቅ ይታገሡ፤ ቅባት ኤሌክትሮዱ ከቆዳ ጋር በደንብ እንዳይገናኝ ያደርጋል። ቁርስ ይብላ፤ ቡና ግን ለዚያ ጠዋት ይቅር፣ ጅማ ላይ ይህን መጠየቅ ከባድ ቢሆንም። ሐኪሙ ካላዘዘ በስተቀር መድኃኒት አይቋረጥ።

ከሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት ግን በቤት ውስጥ የሚደረገው ነው፤ መደበኛው ምርመራ የሚመዘግበው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን፣ የቀረውን የሚያየው ቤተሰብ ነው። አባቴ ስትሮክ በመታው በሁለተኛው ዓመት፣ ጭኑ ላይ ያረፈው የግራ እጁ አውራ ጣት ይርገበገብ ጀመር፤ ክረምት ነበርና ብርድ መስሎን ጋቢ ደረብንለት። በሦስተኛው ጊዜ ወንድሜ በስልኩ ቀረጸው፤ ርግብግብታው ከአውራ ጣት ተነሥቶ ወደ ክንድ፣ ከዚያም ወደ አፍ ጥግ ሲወጣ ይታያል። ሐኪሙ የኢኢጂውን ውጤት ከማየቱ በፊት ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ተመለከተው። እርስዎም እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ ሲያዩ የጀመረበትን ሰዓት፣ ከየትኛው ጎን እንደተነሣና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይጻፉ። ስትሮኩ ከደረሰ ከ7 ቀን በኋላ የሚመጣ መንቀጥቀጥ የመደገም ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢታይም ለሐኪም መነገር አለበት።

ዐይኑን ጨፍኖ ያረፈ ጤናማ ጎልማሳ አንጎል በኋለኛው ክፍሉ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ያሳያል። ስትሮክ በጎዳው ጎን ግን በሰከንድ ከ4 ጊዜ በታች የሚመላለስ ዘገምተኛ ሞገድ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ይህ የቀድሞው ጉዳት ጠባሳ ሊሆን ስለሚችል፣ በሪፖርቱ ላይ ሲያነቡት ሌላ ስትሮክ መጣ ብለው አይደንግጡ። በአንጻሩ ውጤቱ ደህና ነው መባሉ የሚጥል በሽታ የለም ማለት አይደለም።

መንቀጥቀጡ ቤት ውስጥ ቢነሣ በጎኑ ያስተኙት፤ ክብሪት አያሽትቱት፣ አፉ ውስጥም ምንም አይክተቱ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ካቆመ በኋላ አዲስ ድካም በአንድ ጎን ከታየ፣ ያልፋል ብለው ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓትም ለሐኪሙ ይንገሩ።