ፓስዎርድ ስንቀይር የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ደሴ ፒያሳ አንድ ሞባይል ጥገና ቤት ተቀምጬ አንዲት እናት ገቡ። "ፌስቡኬ አልከፍት አለኝ። ጅዳ ያለችውን ልጄን የማገኛት በሱ ነው" አሉ። ጠጋኙ "አብሽሩ እናቴ፣ ኢሜይሉ የማን ነው?" ሲላቸው ዝም አሉ። ኢሜይል እንዳላቸውም አያውቁም። ስልኩን የገዙ ዕለት ሻጩ በራሱ ኢሜይል ከፍቶላቸው ኖሯል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኸው ነው፦ አካውንታችንን በሰው ኢሜይል ማስከፈት። ፓስዎርድ ሲጠፋ መመለሻው ኮድ የሚላከው ወደ ኢሜይሉ ወይም ወደ ስልክ ቁጥሩ ነው። ኢሜይሉ በእጁ ያለ ሰው በፈለገ ሰዓት ፓስዎርዳችሁን ይቀይረዋል። እሱ ሱቁን ዘግቶ ከሄደ ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ውጭ ቀራችሁ። ሰው ያግዛችሁ፣ ነውር የለውም። ፓስዎርዱን ግን በገዛ ጣታችሁ ጻፉት። ደብተር ላይ አስፍሮ ቤት ማስቀመጥም ጥሩ ነው። የእኚህ እናት ወረቀት ግን የስልኩ ከቨር ውስጥ ተጣጥፎ ነበር። ስልኩን የወሰደ ሌባ ፓስዎርዱንም አብሮ ወሰደ ማለት ነው።

ሁለተኛው የሞተ ሲም ነው። በ2014 ጦርነት ጊዜ ከወሎ ስንቱ ተፈናቀለ፣ ስንቱስ ስልኩን ጣለ። ብዙዎቻችን አዲስ ሲም አወጣን፤ አካውንታችን ግን አሁንም አሮጌው ቁጥር ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ያኔ የእናንተ ኮድ የሚደርሰው ለማታውቁት ሰው ነው። ዛሬውኑ ሴቲንግ ገብታችሁ የትኛው ቁጥር እንዳለ እዩ።

ኮድ ለሰው መስጠትስ? "በስህተት አንቺ ስልክ ላይ ኮድ ተልኮብኛል፣ ላኪልኝ" የሚል መልእክት ከጓደኛ አካውንት ይመጣል። ጓደኛችሁ አይደለም፤ የሷ አካውንት ቀድሞ ተሰርቋል። የፌስቡክና የዋትስአፕ ኮድ ብዙ ጊዜ 6 አኃዝ ነው፣ የቴሌግራም 5። ለማንም አይነገርም፣ ለወንድምም ቢሆን። ደውላችሁ ድምጿን ስሙ።

ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ደግሞ "ኮድ ላክ" የሚለውን ደጋግመን እንነካለን። አዲሱ ሲጠየቅ አሮጌው ብዙ ጊዜ ይሰረዛል፣ ስለዚህ የመጨረሻውን ተጠቀሙ። ሲደጋገም ለተወሰነ ጊዜ ይዘጋባችኋል። አንዴ ጠይቁና ታገሡ።

የስልክ ቁጥር፣ የልጅ ስምና የልደት ዓመት ፓስዎርድ አይሆኑም። የድሮው ላይ 1 ቁጥር መጨመርም መቀየር አይባልም። ጀበና፣ ጦሳ፣ ባቡር፣ ዘጠኝ እንደሚሉት ያሉ የማይገናኙ አራት ቃላትን በላቲን ፊደል ደርድሩ። እነዚህን ራሳቸውን ግን አትውሰዱ።

ከቀየራችሁ በኋላ ሌላ ስልክ ላይ የተከፈተውን ሁሉ አስወጡ። ሌባው ገብቶ ከተቀመጠ አዲሱ ፓስዎርድ ብቻውን ላያስወጣው ይችላል። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ "ዲቫይስስ" የሚለውን ከፍታችሁ የማታውቁት ስልክ ካለ አጥፉት። እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ሁለተኛውን ፓስዎርድ፣ ማለትም ከኮዱ በተጨማሪ የሚጠየቀውን፣ ስታበጁ መመለሻ ኢሜይል ይጠይቃችኋል። አትዝለሉት። የዘለለ ሰው ፓስዎርዱን ሲረሳ 7 ቀን መጠበቅ ግዱ ነው።