አራት በአራት አልገባ ወይም አልወጣ ሲል

በክረምት በሱሉልታ ዋልካ ላይ አራት በአራት አልገባ ያለን መኪና ማንሻውን በጉልበት መጎተት ጉዳቱን ያባብሰዋል። ሀቡ (የፊት ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያገናኘው የጎማው መሃል ክፍል) በእጅ የሚቆለፍ ከሆነ በቅድሚያ ወርደው የሁለቱም የፊት ጎማዎች ሀብ «ሎክ» ላይ መሆኑን ይመልከቱ፤ ጭቃው ስለሚሸፍነው ምልክቱን በጣት ጠርጎ ማየት ያስፈልጋል። ፎር ሎው (ዝግተኛው፣ ጉልበት የሚሰጠው የአራት በአራት ማርሽ) የሚገባው ደግሞ መኪናው ቆሞ፣ ካምቢዮው ኒውትራል ላይ ሆኖ ነው።

አልወጣ የሚለው በአብዛኛው አስፋልት ላይ ከተነዳ በኋላ ሲሆን፣ መካከለኛ ዲፈረንሻል (የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር የሚፈቅድ ማርሽ) በሌላቸው መኪኖች የፊትና የኋላ ጎማዎች በኩርባ ላይ የተለያየ ርቀት ስለሚጓዙ ማርሾቹ ተወጥረው ይያዛሉ። መሪውን ቀጥ አድርገው ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ቢነዱ ብዙ ጊዜ ይላቀቃል፤ ጋራዥ ከመሄድ በፊት ይህን መሞከር ይሻላል። ከተደጋገመ ግን የአራቱን ጎማዎች መጠን ያነጻጽሩ፤ ፊት አዲስ፣ ኋላ ያለቀ ጎማ ተመሳሳይ ውጥረት ይፈጥራልና።

አራት በአራቱ በማንሻ ሳይሆን በስዊች የሚቀየር ሆኖ የዳሽቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ካላቆመ ፊውዙን፣ ውሃ የገባበት ሶኬት መኖሩን፣ በቫኪውም (በአየር መሳብ) የሚሠራ ከሆነም የቱቦውን ስንጥቅ ይፈትሹ። የትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን) ዘይት፣ በብዙ መኪኖች ከካምቢዮው የተለየ በመሆኑ፣ በሰርቪስ ጊዜ የሚረሳ ነውና እሱንም ያስለኩ።