ሌንስስቲሬልሰን፦ የትኛው ጉዳይ ወደዚህ መሥሪያ ቤት ይሄዳል?

ስቶክሆልም የሚኖር ሰው ከሦስት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል፤ የሦስቱም ስም ላይ "ስቶክሆልም" አለበት። ስቶክሆልምስ ስታድ ኮሙኑ (ማዘጋጃ ቤቱ) ነው፦ ትምህርት ቤት፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ኤስኤፍኢ (ለመጤዎች የሚሰጥ የስዊድንኛ ትምህርት)፣ እኛ ሶሻል የምንለው ድጎማ። ሬጊዮን ስቶክሆልም ጤና ጣቢያውን፣ ሆስፒታሉን፣ አውቶቡስና ባቡሩን ይዟል። ሦስተኛው፣ ሌንስስቲሬልሰን፣ በአካባቢው መንግሥትን የሚወክል መሥሪያ ቤት ነው። ሌላ ከተማ ቢኖሩም ነገሩ ያው ነው።

ኮሙኑንና ሬጊዮኑን የሚመሩት ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች ናቸው። የሌንስስቲሬልሰን ኃላፊ ግን ላንድስሆቭዲንግ የሚባል፣ መንግሥት የሚሾመው አገረ ገዥ ነው። አደረጃጀቱ ከ1634 ጀምሮ የቆየ ነው። ዛሬ ስዊድን 21 ሌን (ክፍለ ሀገር) አላት፤ በእያንዳንዱ ሌን አንድ ሌንስስቲሬልሰን አለ። 290ዎቹ ኮሙኖች ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ቢሆኑም፣ ሕግ በዘረዘራቸው ጉዳዮች ኮሙኑ የወሰነውን ሌንስስቲሬልሰን ሊሽረው ወይም ሊያሻሽለው ይችላል። አዲስ ለመጣ ሰው የዚህ መሥሪያ ቤት ዋናው ጥቅም ይሄ ነው።

መጀመሪያ የማይሠራውን እንይ። የመኖሪያ ፈቃድ የሚግራሹንስቨርኬት (የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ነው። ፐርሹንኑመር (የግል መለያ ቁጥር) እና የአድራሻ ምዝገባ የስካተቨርኬት (የግብር መሥሪያ ቤት) ነው። መንጃ ፈቃድ ድሮ በሌንስስቲሬልሰን በኩል ይሄድ ነበር፤ ከ2010 ወዲህ ግን የትራንስፖርትስቲሬልሰን (የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ሥራ ሆኗል፣ ቀድመው የመጡ ወገኖች ዛሬም "ሌንስ ሂድ" ቢሉ ከዚያ የቀረ ልማድ ነው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ በስዊድን ነዋሪነት ከተመዘገቡ ከአንድ ዓመት በኋላ አያገለግልም፣ በስዊድን መንጃ ፈቃድም አይቀየርም፤ ትምህርቱንና ፈተናውን በጊዜ ይጀምሩ።

ስደተኛ ሆነው ፈቃድ ካገኙ ግን ሳያውቁት ሌንስስቲሬልሰን ሕይወትዎ ውስጥ ገብቷል። በ2016 በወጣው ሕግ መሠረት መንግሥት ለየሌኑ የሚደርሰውን የሰው ቁጥር ይወስናል፣ ሌንስስቲሬልሰን ያንን ለየኮሙኖቹ ያከፋፍላል፣ ሚግራሹንስቨርኬት ደግሞ ሰውየውን ለይቶ ይመድባል። ኮሙኑ በሁለት ወር ውስጥ ሊቀበልዎት ይገባል። ስለዚህ "ኮሙን ቀይሩልኝ" ብሎ ሌንስስቲሬልሰን መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው፤ እዚያ የሚወሰነው ቁጥሩ እንጂ ስምዎ አይደለም። ስለ ስዊድን ኅብረተሰብ የሚሰጠውን ትምህርትም የሚያዘጋጀው ኮሙኑ ነው። ሌንስስቲሬልሰኖቹ በጋራ የሚያስተዳድሩት ኢንፎርማሹንስቨሪየ የተባለው ድረ ገጽ ግን ትግርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋ ስላለ፣ ትግርኛ ማንበብ ለሚችል ሰው ጥሩ መነሻ ነው።

አሁን ወደ ይግባኙ። አንድ ሰው እንጀራ ጋግሮ ለሱቆች ማከፋፈል ጀመረ እንበል። ቤት ውስጥም ቢሆን በቋሚነት ለሽያጭ መጋገር የምግብ ንግድ ስለሆነ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊት ለኮሙኑ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ማስመዝገብ አለበት። ተቆጣጣሪ መጥታ ወጥ ቤቱን አየች፣ የእጅ መታጠቢያው በቂ አይደለም ብላ ጻፈች፣ ኮሙኑም ሽያጭ ከለከለ። በዚህ ውሳኔ ላይ ይግባኝ የሚቀርበው ለሌንስስቲሬልሰን ነው።

ደብዳቤው የሚጻፈው ለሌንስስቲሬልሰን ሆኖ የሚላከው ግን ውሳኔውን ለሰጠው ኮሙን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮሙኑ በጊዜው መድረሱን ያያል፣ ከፈለገ ራሱ ውሳኔውን ያስተካክላል፣ ካልሆነ ከነሰነዱ ያስተላልፈዋል። የጊዜ ገደቡ ውሳኔው ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ነው፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ኮሙኑ ዘንድ የደረሰበት ቀን እንጂ እርስዎ ፖስታ ቤት የጣሉበት ቀን አይደለም። በጊዜ ገደቡ ውስጥ በቀጥታ ሌንስስቲሬልሰን ከደረሰ አይጣልም፣ ወደ ኮሙኑ ተመልሶ ስለሚሄድ ግን ይዘገያል። ከገደቡ ካለፈ ምክንያቱ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ሳይታይ ይመለሳል። በኢሜይል መላክ ይቻላል፤ መድረሱን የሚገልጽ መልስ ይጠይቁና ያስቀምጡ።

ሲጽፉ ስም፣ ፐርሹንኑመር፣ አድራሻና ስልክ ያስፍሩ። ቀጥሎ የውሳኔውን ቀንና ውሳኔው አናት ላይ "ዲኤንአር" (Dnr) ከሚለው አጠገብ ያለውን የፋይል ቁጥር ይጻፉ፤ ያለዚያ ቁጥር ፋይሉን ማግኘት ያስቸግራል። ከዚያ ውሳኔው ለምን ስህተት እንደሆነና እንዴት እንዲለወጥ እንደሚፈልጉ ይግለጹ። "ፍትሕ ተጓደለብኝ" ብሎ ሁለት ገጽ ከመሙላት "መታጠቢያው በዚህ ቀን ተተክሏል፣ የቧንቧ ሠራተኛው ደረሰኝና ፎቶ ተያይዟል" የሚለው አንድ መስመር ይበልጣል። ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም።

ይግባኝ ማለት በራሱ እገዳውን አያነሳም። ውሳኔው "ወዲያውኑ ይጸናል" የሚል ከሆነ መልስ እስኪመጣ መሸጥ ክልክል ነው፤ ከሸጡ ሌላ ጥፋት ይሆናል። መጠበቁ የሚጎዳዎት ከሆነ እዚያው ደብዳቤ ላይ "ኢንሂቢሹን እጠይቃለሁ" ብለው ይጨምሩ፤ አፈጻጸሙ ለጊዜው ይታገድልኝ ማለት ነው።

ሁሉም የኮሙን ውሳኔ ግን ወደ ሌንስስቲሬልሰን አይሄድም። የግንባታ ፈቃድ ይሄዳል። የሶሻል ድጎማ መከልከልና የመጠጥ መሸጫ ፈቃድ ግን የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ግምት አያስፈልግም፤ ከውሳኔው ጋር "ሁር ማን ኦቨርክላጋር" (ይግባኝ እንዴት ይባላል) የሚል ርዕስ ያለው ክፍል ወይም ወረቀት አለ፣ የት እና እስከ መቼ እንደሚባል እዚያ ተጽፏል። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አንብቦ ደብዳቤውን የሚያጣጥፍ ሰው ቀኑ ያልፍበታል።

ምርጫም ላይ ሌንስስቲሬልሰን አለ፤ የመጨረሻውን ቆጠራ የሚያካሂደው እሱ ነው። የስዊድን ዜግነት ባይኖርዎትም፣ 18 ዓመት ከሞላዎትና ከምርጫው ቀን በፊት ሦስት ዓመት በተከታታይ በነዋሪነት ተመዝግበው ከቆዩ ለኮሙንና ለሬጊዮን ምክር ቤት መምረጥ ይችላሉ። በመሃል ከምዝገባ ወጥተው ከነበረ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ስምዎ ከመራጮች መዝገብ ከቀረ ወይም መዝገቡ ላይ ስህተት ካለ፣ ከምርጫው ቢያንስ 12 ቀን በፊት ለሌንስስቲሬልሰን በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። የሴፕቴምበር 13 ቀን 2026 ምርጫ ከእንቁጣጣሽ በኋላ በሁለተኛው ቀን ስለሚውል የማመልከቻው ገደብ ሴፕቴምበር 1፣ ገና በነሐሴ፣ ነው፤ በበዓል ዝግጅት ይረሳልና ቀድመው ያዩት።

የእኛ በዓላት የሚነኳቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ደመራ ለማብራት የቦታው ባለቤት መፍቀድ አለበት፣ ሕዝብ በአደባባይ የሚሰበሰብ ከሆነም የፖሊስ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቦታው ሌንስስቲሬልሰን ያቋቋመው ናቱርሬሰርቫት (የተፈጥሮ ጥበቃ ክልል) ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እሳት ክልክል ስለሆነ ከሌንስስቲሬልሰን ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው፤ ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ከበዓሉ ብዙ ሳምንታት ቀድሞ ማመልከት ይሻላል። በድርቅ ወቅት የሚወጣውን የእሳት ክልከላም በዋዜማው ያረጋግጡ። ሁለተኛው በግ ነው፦ ለራስ ቤት ፍጆታም ቢሆን እንስሳው ሳይደነዝዝ ማረድ ወንጀል ነው። የእንስሳት ደህንነትን የሚቆጣጠረው ሌንስስቲሬልሰን ስለሆነ፣ ጥቆማ ሲደርሰው ይመጣል፣ እንስሳ እንዳይዙም ሊከለክል ይችላል።

ለሠርግ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት አጋቢዎችን የሚሾመው ሌንስስቲሬልሰን ነው፤ ካህናት ግን የማጋባት ሥልጣን የሚያገኙት ካመርኮሌጊየት ከሚባል ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሥልጣኑ የሌላቸው ካህን የፈጸሙት ሥርዓት በስዊድን ሕግ ጋብቻ አይሆንም፤ ቀን ከመቁረጥዎ በፊት ይጠይቋቸው። ከስካተቨርኬት የሚወጣው እንቅፋት የለም የሚለው ማረጋገጫም የሚያገለግለው አራት ወር ብቻ ነው።

ዕድርና ማኅበር ለማቋቋም የሚፈልጉ ወገኖች የድርጅት ቁጥር የሚያገኙት ከስካተቨርኬት ነው። ሌንስስቲሬልሰን የሚመዘግበው ስቲፍተልሰ የሚባለውን፣ ለተወሰነ ዓላማ የተለየ ሀብት የሚያስተዳድረውን ተቋም ነው። የጥበቃ ሥራ ለሚያመለክቱም የጥበቃ ኩባንያ ሠራተኞችን የሚያጸድቀው ሌንስስቲሬልሰን ነው፤ ማመልከቻውን ግን የሚያስገባው ቀጣሪው ኩባንያ ነው።

ስዊድንኛ ገና ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ካስፈለገ ማቅረብ የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ ነው። ለቀጠሮ ሲደውሉ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን በግልጽ ይናገሩ፣ ካልተናገሩ ሌላ ቋንቋ የሚናገር አስተርጓሚ ሊመደብልዎ ይችላል።