ኡቡንቱን ከዊንዶውስ ጎን ለመጫን

ዊንዶውስን ሳያጠፉ ኡቡንቱ የተባለውን ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት በዚያው ኮምፒውተር ላይ ለመጫን ከተፈለገ፣ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው መጫኛው ከመከፈቱ በፊት እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ ነው።

በቅድሚያ የሚያስፈልጉዎትን ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ከዚያም ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ በርቶ ከተገኘ ባለ 48 አሃዙን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ በወረቀት ላይ ጽፈው ያኑሩ። ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ቅንብር ሲለወጥ ዊንዶውስ ይህን ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ ደግሞ የተቆለፈውን መረጃ መክፈት ስለማይቻል፣ ከመጫንዎ በፊት ቢትሎከርን ጨርሶ ማጥፋቱ የተሻለ ነው። ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውንም ቅንብር ያጥፉ፤ እርሱ በርቶ ሳለ ዊንዶውስ የተዘጋ ቢመስልም በከፊል ስለሚያንቀላፋ፣ ኡቡንቱ በዊንዶውስ የዲስክ ክፍል ላይ መጻፍ አይችልም።

ቀጥሎ ዲስክ ማኔጅመንት በተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ሲ ድራይቭን ያሳንሱና የተለቀቀውን ቦታ ፎርማት ሳያደርጉ ባዶውን ይተዉት። ለኡቡንቱ 24.04 የሚመከረው ቢያንስ 25 ጊጋባይት ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ከ60 በታች መመደብ ውሎ አድሮ ያጣብባል።

የመጫኛው ፋይል ወደ 6 ጊጋባይት ስለሚጠጋ በሞባይል ዳታ ማውረዱ ኪስ ይጎዳል። ፋይሉን ፍላሽ ላይ መገልበጥ ብቻ አይበቃም፤ ሩፉስ በተባለው ፕሮግራም መጻፍ አለበት፤ ሲጻፍም በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ኮምፒውተሩን እንደገና ሲያስነሱ በብዙ የዴልና የሌኖቮ ላፕቶፖች ኤፍ12ን፣ በኤችፒ ኤፍ9ን ተጭነው ፍላሹን ይምረጡ።

ወዲያው ከመጫን ይልቅ ኡቡንቱን ከፍላሹ ላይ አስነስተው ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን ይሞክሩ። ሲጭኑ ከዊንዶውስ ጎን የሚለውን አማራጭ ይምረጡ፤ ዲስኩን አጥፋ የሚለው ዊንዶውስንም ፋይሎችዎንም ይወስዳል። የመጀመሪያው አማራጭ ካልታየዎት በግምት አይቀጥሉ፤ መጫኛውን ዘግተው ወደ ዊንዶውስ ይመለሱና ቢትሎከር መጥፋቱንና ባዶ ቦታው መኖሩን እንደገና ያረጋግጡ።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ግራብ የተባለው ምናሌ የትኛውን ሥርዓት እንደሚፈልጉ ይጠይቅዎታል። ኢትዮጵያ ውስጥ የዊንዶውስ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ኡቡንቱ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ሲያስቀምጠው ዊንዶውስ እንደ አካባቢ ሰዓት ስለሚያነበው ነው፤ ኡቡንቱም በአካባቢ ሰዓት እንዲያስቀምጠው ቅንብሩን መለወጥ ይቻላል።