ስልካችሁ ሲዘጋ ጥሪው ወዴት ይሂድ?

ባትሪ ሲያልቅ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ የሚደወልላችሁ ጥሪ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ወደ ሌላ ቁጥር ማዞር ትችላላችሁ። አፕ መጫን አያስፈልግም። ትዕዛዙ የሚቀመጠው ኔትወርኩ ላይ ስለሆነ ስልኩ ጠፍቶም ይሠራል።

መጀመሪያ ጥሪው መቼ ይዙር የሚለውን ወስኑ። የጂኤስኤም (የተለመደው የሞባይል ኔትወርክ) መስመር አራት ምርጫ አለው። 21 ሁሉንም ጥሪ ያዞራል። 67 መስመሩ ሲያዝ፣ 61 ሳታነሱት ሲቀር፣ 62 ደግሞ ስልኩ ሲዘጋ ወይም ከኔትወርክ ሲወጣ ነው። 21ን ባትነኩት ይሻላል። እኔ አንዴ ሞልቼው ረሳሁትና ግማሽ ቀን ስልኬ ጭጭ አለ። ሰው ሁሉ የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር!

ከ62 እንጀምር። መደወያውን ክፈቱና **62* ብላችሁ ጥሪው የሚሄድበትን ቁጥር አስከትሉ። በመሰላል (#) ዝጉና ደውሉ። ሁለት ሲም ካላችሁ ትክክለኛውን መምረጥ አትርሱ። ትንሽ ቆይቶ መመዝገቡን የሚገልጽ ጽሑፍ ይመጣል። ለ67ም አካሄዱ ያው ነው።

61 ላይ ስልኩ ስንት ሰከንድ ጠርቶ ይዙር የሚለውንም መወሰን ይቻላል። **61* ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉ፤ ከዚያ *11*20# ጨምሩ። 20 ሰከንድ ማለት ነው። ከ5 እስከ 30 ድረስ በአምስት በአምስት ይጨምራል። 5 ግን ስልኩን ከኪስ ለማውጣት እንኳ አይበቃም።

ለማየት *#62#፣ ለመሰረዝ ##62# ይደወላል። ለሌሎቹም ቁጥሩን ብቻ ቀይሩ። ##002# ሁሉንም ባንዴ ይጠርጋል።

አሁን ወደ መልእክቱ። ስልካችሁን ስትከፍቱ «እገሌ ደውሎ ነበር» የሚል ኤስኤምኤስ የሚደርሳችሁ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱም የሚሠራው በዚሁ በ62 በኩል ነው። ጥሪው ወደ አገልግሎቱ ቁጥር ይዞራል፤ አገልግሎቱ መዝግቦ ይልክላችኋል። ስለዚህ 62 ላይ የወንድማችሁን ቁጥር ስትሞሉ ማሳወቂያው ሊቀር ይችላል። ቮይስ ሜይልም (ደዋዩ በድምፅ የሚተወው መልእክት) እንደዚያው። ምንም ከመንካታችሁ በፊት *#62# ደውላችሁ የነበረውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት፤ መመለስ ስትፈልጉ እሱኑ መልሳችሁ ትሞላላችሁ።

እነዚህ ኮዶች የሚያዞሩት ጥሪን ብቻ ነው። የጽሑፍ መልእክት እዚያው ሲማችሁ ላይ ይቀራል። የመልእክት ድምፅ ካልሰማችሁ የስልኩን ሴቲንግ ከፍታችሁ ኖቲፊኬሽን መፈቀዱን እዩ። ስክሪኑ ተቆልፎ ሳለ የመልእክቱ ይዘት እንዳይታይ አድርጉት፤ የባንክ ኮድ የሚመጣው በዚያው ነው።

ሂሳቡስ? ብዙውን ጊዜ የዞረው ጥሪ የሚቆረጠው ከእናንተ ነው፤ ታሪፉን ቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ ሰው ደውሎ «መስመርህን ላስተካክልልህ፣ *21* ብለህ ይህን ቁጥር ደውል» ካለ ዝጉበት። የእናንተን ጥሪ ወደ ራሱ እያዞረ ነው፤ በስልክ የሚነገር ማረጋገጫ ኮድም አብሮ ይሄድለታል። ተሸውዳችሁ ከሆነ ወዲያው ##21# ደውሉ።

ሲያልቅ ስልካችሁን አጥፉና ከሌላ ስልክ ወደ ራሳችሁ ደውሉ። የሞላችሁት ቁጥር ከጠራ፣ በቃ ሠርቷል።