አንድን ፋንክሽን በብዙ የጁፒተር ኖትቡኮች መጠቀም

አንድ ፋንክሽን (ስም ተሰጥቶት የሚጠራ የኮድ ቁራጭ) ለሁለተኛ ጁፒተር ኖትቡክ (ኮድ ሴል በሚባሉ ሳጥኖች ተጽፎ የሚሮጥበት ፋይል) ካስፈለገ ከኖትቡክ አውጥታችሁ ራሱን በቻለ የፓይተን ፋይል ውስጥ አስቀምጡት። ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ለዛሬ ይቀላል። ነገ አንዱ ቅጂ ሲታረም ሌሎቹ እንደነበሩ ይቀራሉ፤ ከአንድ ዳታ ሁለት ዓይነት ውጤት ይወጣና የትኛው ትክክል እንደሆነ ማወቂያ ይጠፋል።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሥራ እንውሰድ፤ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣት። ይህ ካልተደረገ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሲቆጠሩ ሁለት ቃል ናቸው። ዳታ የሚጸዳበት፣ ቃል የሚቆጠርበትና ሞዴል የሚሠለጥንበት ኖትቡክ ሁሉም ይህንኑ ፋንክሽን ይፈልጋሉ። ትእዛዞቹን እዚህ በአማርኛ ፊደል ጽፈናቸዋል፤ ስትተይቧቸው በላቲን ነው።

ኖትቡኮቹ ባሉበት ፎልደር ውስጥ «ጽዳት.ፒዋይ» የሚል ፋይል ክፈቱ። ከላይ በስትር.ሜክትራንስ የፊደል መተኪያ ሰንጠረዡን ሥሩ፤ የመጀመሪያው ስትሪንግ የሚቀየሩትን፣ ሁለተኛው የሚተኩትን ፊደላት ይይዛል። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይሄዳሉ፣ እያንዳንዳቸው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ። ይህ 35 ፊደል ነው። ራብዑ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ ዓ በቀጥታ ወደ ኣ ከሄደ «ዓለም» «ኣለም» ይሆንና «አለም» ብሎ ከጻፈው ሰው ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ዓም ኣም ወደ አ፣ ሓም ኃም ሃም ወደ ሀ ይሂዱ። ሃ እና ኣ ሲጨመሩ ድምሩ 37 ይደርሳል።

የሁለቱ ስትሪንጎች ርዝመት ካልተመጣጠነ ፓይተን ቫልዩ ኤረር ብሎ ይቆማል፤ ይህ ቀላሉ ነው። የሚያስፈራው ርዝመቱ እኩል ሆኖ ቅደም ተከተሉ በአንድ ፊደል ሲዛነፍ ነው፤ ኤረር የለም፣ ጽሑፉ ግን ይበላሻል። እያንዳንዱን የፊደል ቤተሰብ በየራሱ መስመር ጻፉና ሰባት ሰባት መሆናቸውን ቁጠሩ። ከዚያ በትራንስሌት ሰንጠረዡን ጽሑፉ ላይ የሚተገብር «አጽዳ» የሚባል ፋንክሽን ጻፉና ፋይሉን ሴቭ አድርጉ። ኖትቡኩ ላይ የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፦

ፍሮም ጽዳት ኢምፖርት አጽዳ

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው ፋንክሽኑን ከኖትቡክ ወደ ፋይል ሲያዛውር ነው። ኖትቡክ ውስጥ ሳለ በሌላ ሴል የተፈጠረን ቫሪያብል፣ ለምሳሌ የሚወገዱ ቃላትን ዝርዝር፣ ሳይጠየቅ ያገኘው ነበር። ፋይል ውስጥ ሲገባ ስም የሚፈልገው በራሱ ፋይል ውስጥ እንጂ ኖትቡኩ ላይ አይደለምና ኔም ኤረር ይመጣል። ዝርዝሩን እንደ አርጉመንት (ፋንክሽኑ ሲጠራ እንደሚሰጠው ግብዓት) ተቀበሉ። ፋንክሽኑ የሚጠቀምባቸውን ላይብረሪዎችም ፋይሉ ራሱ አናቱ ላይ ኢምፖርት ያድርግ፤ ኖትቡኩ ላይ ለምሳሌ ፓንዳስ የተባለው የዳታ ላይብረሪ መኖሩ ለፋይሉ አይጠቅመውም። ፋይሉ የጎደለው ነገር እንደሌለ ለማረጋገጥ ባዶ ኖትቡክ ክፈቱና ፋንክሽኑን ብቻውን ጥሩት።

ስም ስትሰጡም አስቡበት። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ፋይል «ካሌንደር.ፒዋይ» ቢባል የፓይተንን የራሱን ካሌንደር ሞጁል (ኢምፖርት የሚደረግ የኮድ ፋይል) ይሸፍነዋል፤ ያንን የሚፈልግ ሌላ ላይብረሪ የእናንተን ፋይል ያገኝና ከጉዳዩ ጋር የማይያያዝ የሚመስል ኤረር ያወጣል። ፓይተን 3 ፋንክሽንን በፊደላችን መሰየምም ይፈቅዳል። ነገር ግን «አጽዳ» እና «አፅዳ» ለእሱ ሁለት ስም ናቸው፣ ለዓይን ደግሞ ያሳስታሉ፤ ከሌሎች ጋር በምትጋሩት ኮድ ላይ ላቲን ይሻላል።

ፋይሉን አርማችሁ ኖትቡኩ አሮጌውን ውጤት ከሰጠ አትደናገጡ። ፓይተን አንድን ሞጁል በአንድ ከርነል (ከኖትቡኩ ጀርባ ኮዱን የሚያስሮጠው ፕሮግራም) ዕድሜ የሚያነበው አንዴ ነው፤ ኢምፖርቱን ብትደግሙትም ከሜሞሪ ያወጣላችኋል። የኖትቡኩ የመጀመሪያ ሴል ላይ እነዚህን አስገቡ፦

%ሎድ_ኤክስት አውቶሪሎድ
%አውቶሪሎድ 2

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሴል ከመሮጡ በፊት የተቀየረው ፋይል እንደገና ይነበባል። ፋይሉ ውስጥ የሲንታክስ ስህተት ካለ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ አሮጌው ፋንክሽን ይቀጥላል፤ ማስጠንቀቂያውን ሳታነቡ አትለፉ። ውጤቱን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ከርነሉን ሪስታርት አድርጋችሁ ሁሉንም ሴል ከላይ እስከ ታች አስሩጡ።

ሌላ ኖትቡክን በ%ራን መጥራትም ይቻላል። ግን ፋንክሽኑን ብቻ ሳይሆን የዚያን ኖትቡክ ሴሎች በሙሉ ያስሮጣል፦ ዳታ ይጫናል፣ ግራፍ ይሣላል፣ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ቫሪያብሎቻችሁ ይተካሉ። ለአጭር ሙከራ እንጂ ለዘለቄታ አንመክረውም።

ኖትቡኩ ወደ ሌላ ፎልደር ሲዛወር ሞጁል ኖት ፋውንድ ኤረር ይመጣል፤ ከርነሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ኖትቡኩ ካለበት ፎልደር ነውና። ፓይተን ሞጁል በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ላይ በሲስ.ፓዝ.አፔንድ ሙሉ አድራሻ መጨመር ያሠራል፣ ኮዱ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲሄድ ግን አድራሻው አይገኝም። ፕሮጀክቱ ከአንድ ሰው በላይ የሚነካው ከሆነ ፓኬጅ (እንደ ላይብረሪ የሚጫን የፋይሎች ስብስብ) አድርጉት። በዋናው ፎልደር ውስጥ «ኤስአርሲ»፣ በእሱ ውስጥ የፓኬጁ ፎልደር፣ በዚያ ውስጥ ባዶው «__ኢኒት__.ፒዋይ» እና የእናንተ ፋይል ይቀመጣሉ። ዋናው ፎልደር ላይ «ፓይፕሮጀክት.ቶምል» ጻፉ፤ ስም፣ ቨርዥን፣ እንዲሁም ፓኬጁን የሚያዘጋጀው ሰትአፕቱልስ 64 ወይም ከዚያ በላይ እንደሚያስፈልግ ይገለጽበት። ዋናው ፎልደር ውስጥ ካለ ኖትቡክ፦

%ፒፕ ኢንስቶል -ኢ .

ኖትቡኩ አንድ ደረጃ ታች ከሆነ ነጥቧ ሁለት ትሁን። በቃለ አጋኖ ሳይሆን በፐርሰንት መጀመሩ ፓኬጁ ኖትቡኩ የሚሮጥበት ፓይተን ላይ እንዲጫን ያደርጋል፤ ተርሚናል ላይ ተጭኖ ኖትቡክ ላይ «የለም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ፓይተኖች ስላሉ ነው። የትኛው ፓይተን እንደሚሮጥ የሚያሳየውን ሲስ.ኤክስኪውተብልን በሁለቱም ቦታ አሳትማችሁ አወዳድሩ። ከተጫነ በኋላ ከርነሉ አንዴ ሪስታርት ይፈልጋል፤ አዲሱ መንገድ የሚነበበው ፓይተን ሲነሣ ነው። ያ ምልክት -ኢ ስላለ ከዚህ ወዲያ ፋይሉን ስታርሙ ዳግም መጫን አያስፈልግም።

ጉግል ኮላብ (በኢንተርኔት የሚሠራ የጉግል ኖትቡክ) ላይ የጫናችሁት ፋይል ሴሽኑ ሲያልቅ ይጠፋል። «ጽዳት.ፒዋይ»ን ድራይቭ ላይ አስቀምጡት፤ ድራይቩን የሚያገናኘው ድራይቭ.ማውንት እና ፎልደሩን የሚጨምረው ሲስ.ፓዝ.አፔንድ ከኢምፖርቱ በፊት በመጀመሪያው ሴል ይግቡ፤ አዲስ ሴሽን በተከፈተ ቁጥር ያ ሴል ይሩጥ።