የቤተሰብ ክሮስኦቨር መኪና ስናወዳድር የምንፈጽማቸው ስህተቶች

በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ የመኪና መሸጫ ለዘጠኝ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ሥራውን ከተውኩም በኋላ በአሌክሳንድሪያ፣ በስፕሪንግፊልድና በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ወገኖቻችን መኪና ለመግዛት ሲያስቡ ይደውሉልኛል። አብዛኞቹ ከመደወላቸው በፊት ሁለት ወይም ሦስት ክሮስኦቨሮችን (ከፍ ብለው እንደ ኤስዩቪ የሚታዩ፣ በተራ የቤት መኪና ቻሲ ላይ የተሠሩ መኪኖችን) መርጠው ዋጋቸውን፣ መጠናቸውንና የነዳጅ ፍጆታቸውን በወረቀት አስፍረዋል። ይህን ትጋታቸውን አከብራለሁ። ችግሩ በወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን የተጻፉት ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የማይወዳደሩ መሆናቸው ነው፤ የአንዱ ዋጋ ከዝቅተኛው የሞዴል ደረጃ፣ የሌላው ፍጆታ ደግሞ ፈጽሞ ከማይገዙት ደረጃ የተወሰደ ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛውን ረድፍ ቆጥሮ ከኋላው ያለውን ቦታ መርሳት

ይህን ስህተት የማስቀድመው ከሌሎቹ ሁሉ ደጋግሜ ያየሁት፣ አንዴ ከተፈጸመም በኋላ ለማረም የሚያስቸግረው እርሱ ስለሆነ ነው። ሦስት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት አያቶች ከአገር ቤት ሲመጡ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ መኪና እንዲሄድ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ «ባለ ሦስት ረድፍ» የሚለውን ያያሉ፣ ወንበሮቹን ይቆጥራሉ፣ ይፈርማሉ። የመጨረሻው ረድፍ ተዘርግቶ ሰው ሲቀመጥበት ለዕቃ ምን ያህል ቦታ እንደሚተርፍ የሚጠይቅ ገዢ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

አንድ ወዳጄ ቶዮታ ሃይላንደር በገዛ በዓመቱ ወላጆቹን ለመቀበል ባለቤቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። ወላጆቹ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጡ ናቸውና እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሁለት ሻንጣዎች ይዘዋል፤ በርበሬውም ሽሮውም ለልጅ ልጆች የተገዛው የአገር ልብስም በእነዚያ ሻንጣዎች ውስጥ ነው። ሰባት ሰውና አራት ሻንጣ መሆኑ ነው። በሃይላንደር ሦስተኛ ረድፍ ጀርባ ያለው ቦታ 16 ኪዩቢክ ጫማ ነው። አየር መንገድ የሚቀበለው ትልቁ ሻንጣ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ሲደመር 158 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ እንዲህ ያለው አንድ ሻንጣ 4 ኪዩቢክ ጫማ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ በስሌት አራቱ ልክ ይገባሉ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ሻንጣ ውኃ አይደለምና ክፍተት እየሞላ አይፈስስም፤ የኋላው በርም ከላይ ወደ ውስጥ ያዘመመ ስለሆነ ከወለሉ ላይ የሚበቃው ቦታ ከላይ ይጠባል። ሁለቱ ሻንጣዎች ገቡ፣ ሁለቱ ውጭ ቀሩ። በመጨረሻ ባለቤቱና ትልቁ ልጅ ከቀሩት ሻንጣዎች ጋር በኪራይ መኪና ተከትለው ሄዱ፤ እናትየውም ስንት ዓመት የናፈቋቸውን ልጆች ገና አቅፈው ሳይጠግቡ ቤተሰቡ በሁለት መኪና ተከፈለ።

ያንን መኪና የመረጥነው እኔና እርሱ አብረን ነበር፤ እኔም እንደ እርሱ ወንበር ብቻ ነበር የቆጠርኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰባት ሰው መኪና የሚጠይቀኝን ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ከሦስተኛው ረድፍ በስተጀርባ ስለሚተርፈው ቦታ ነው። ይህ ቁጥር በአምራቹ ዝርዝር ውስጥ ሁልጊዜ ለብቻው ይጻፋል፤ በማስታወቂያ ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን ወንበሮቹ ሁሉ ታጥፈው የሚገኘው ትልቁ ቁጥር ነው። ከሦስተኛው ረድፍ በስተጀርባ የሚተርፈው ቦታ በቶዮታ ግራንድ ሃይላንደር 20.6፣ በ2025ቱ ኪያ ቴሉራይድ 21፣ በቶዮታ ሲዬና ደግሞ 33.5 ኪዩቢክ ጫማ ነው። ሲዬና ይህን ያህል የሚበልጠው ሚኒቫን በመሆኑ ነው፤ ከመጨረሻው ወንበር በስተጀርባ ወለሉ ወደ ታች ጎድጉዶ ስለተሠራ ሻንጣዎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ወንበሩም ሲታጠፍ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ክሮስኦቨር ይህን ጉድጓድ የለውም።

ሚኒቫን ስል ባልም ሚስትም ፊታቸው እንደሚለወጥ አውቃለሁ፤ መልኩ አይማርካቸውም። ቢሆንም በሚገባ አስቡበት እላለሁ፤ ሲዬና ከ2021 ሞዴል ጀምሮ ሀይብሪድ (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ሞተር አብሮ የሚሠራ) ብቻ ሆኖ በአማካይ በጋሎን 36 ማይል ይሄዳል፤ ከነዳጅ አንጻር ከብዙዎቹ ባለ ሁለት ረድፍ ክሮስኦቨሮች እንኳ ይበልጣል ማለት ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትም በተንሸራታች በር ገብተው ይቀመጣሉ እንጂ ወንበር አጥፈው ወደ ኋላ አይሾልኩም። ሰባት ሰው የሚሳፈረው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ከሆነ ደግሞ ባለ አምስት ወንበር መኪና ገዝቶ ለእነዚያ ሳምንታት ሚኒቫን መከራየት ዓመቱን ሙሉ ትልቅ መኪና ከመሸከም ይረክሳል።

መጠንን በውጭ ርዝመት መገመት

ሆንዳ ኤችአርቪ ከ2023 ሞዴል ወዲህ ርዝመቱ 179.8 ኢንች ነው፤ እስከ 2025 የተሸጠው ቶዮታ ራቭ ፎር 180.9 ኢንች ነው። ልዩነታቸው አንዲት ኢንች ስለሆነች ብዙዎች «አንድ ናቸው፣ ርካሹን ልውሰድ» ይላሉ። ከኋላ ወንበር በስተጀርባ ያለው የዕቃ ቦታ ግን በኤችአርቪ 24.4፣ በራቭ ፎር 37.5 ኪዩቢክ ጫማ አካባቢ ነው። የሕፃን ጋሪና የሳምንት አስቤዛ አብረው መግባት አለመግባታቸው የሚወሰነው በዚህ ልዩነት ነው። የአንድ መኪና ሁለት ዓይነት ሞተሮችም ይለያያሉ፤ ሆንዳ ሲአርቪ በቤንዚን 39.3፣ በሀይብሪድ 36.3 ኪዩቢክ ጫማ አለው፣ ምክንያቱም ባትሪው ከዕቃ መጫኛው ወለል በታች ቦታ ይይዛል።

ሦስት የልጅ መቀመጫ ጎን ለጎን የምታስሩ ወላጆች የዝርዝር ቁጥር አያድናችሁም፤ መቀመጫዎቹን ይዛችሁ ሄዳችሁ በመኪናው ውስጥ ራሳችሁ እሰሯቸው። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ ሕፃን ካለ ደግሞ ከፊቱ ያለውን ወንበር ወደ ኋላ ስባችሁ ረጅሙን ሰው አስቀምጡበት።

የማይል ቁጥርን ቀንሶ ማወዳደር

በጋሎን 20 ማይል ከሚሄድ መኪና 24 ወደሚሄድ መለወጥ፣ ወይስ 30 ከሚሄድ 40 ወደሚሄድ መለወጥ የበለጠ ነዳጅ ያድናል? ለጠየቅኋቸው ሁሉ ማለት ይቻላል መልሱ ሁለተኛው ነው፤ አሥር ከአራት ይበልጣልና። በዓመት 15,000 ማይል ለሚነዳ ሰው የመጀመሪያው ለውጥ ከ750 ጋሎን ወደ 625፣ ሁለተኛው ከ500 ወደ 375 ያወርደዋል፤ በሁለቱም የሚተርፈው 125 ጋሎን ነው። ስለዚህ ትልቅ መኪና የሚያስፈልገው ቤተሰብ «አራት ማይል ምን ለውጥ ያመጣል» ብሎ ማለፍ የለበትም። በአዲስ መኪና መስኮት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ከ2013 ሞዴል ጀምሮ በ100 ማይል የሚቃጠለውን ጋሎንም በትንሽ ጽሕፈት ይገልጻል፤ መወዳደር ያለበት ያ ቁጥር ነው።

በትልቁ የሚታየው አማካይ ቁጥር ደግሞ 55 በመቶ የከተማ፣ 45 በመቶ የአውራ ጎዳና ጉዞን በማሰብ የተሰላ ነው፤ የእርስዎ ጉዞ ግን እንደዚያ ላይሆን ይችላል። እዚህ ላይ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ልናገር። ከፍሬድሪክስበርግ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ ባዶ በሆነው በአይ 95 መንገድ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራው የሚሄድ፣ ሲመለስም መንገዱ ሳይጨናነቅ ቤቱ የሚደርስ አንድ ወንድም፣ ነዳጅ ቆጣቢ ምረጥልኝ ሲለኝ በአራቱም ጎማ የሚነዳውን ሲአርቪ ሀይብሪድ አስገዛሁት። የዚያ መኪና ቁጥር በከተማ 40፣ በአውራ ጎዳና 34 ነው። በፊት ጎማ የሚነዳው የቤንዚን ሲአርቪ በከተማ 28 ቢሆንም በአውራ ጎዳና እርሱም ያው 34 ነው። ሀይብሪድ ነዳጅ የሚያድነው ፍሬን ሲያዝ የሚባክነውን ኃይል ወደ ባትሪ መልሶ፣ በመቆምና በመነሣት መካከል ስለሚጠቀምበት ነው፤ ፍሬን በማይነካበት ረጅም መንገድ ግን ያ ጥቅም ይቀንሳል። ያ ሰው ተጨማሪ የከፈለው ገንዘብ ከነዳጁ አልተመለሰለትም፤ እኔም ስለ ጉዞው ሳልጠይቀው መከርኩት። በከተማ ትራፊክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው ለሚያመላልስ ሾፌር ግን ያው መኪና ትክክለኛ ምርጫ በሆነ ነበር።

የአንዱን መኪና ቁጥር ከፊት ጎማ፣ የሌላውን ከአራቱም ጎማ ከሚነዳው ዓይነት እንዳትወስዱ። ፕሪሚየም ቤንዚን የሚፈልግ ሞተርም በዚያው ነዳጅ ዋጋ ይሰላ።

መነሻ ዋጋን ከመነሻ ዋጋ ጋር ማጋጠም

የ2024 ራቭ ፎር በቤንዚንና በሀይብሪድ መካከል የነበረው የመነሻ ዋጋ ልዩነት ወደ 3,000 ዶላር ገደማ ነበር። አማካይ ፍጆታቸው 30 እና 40 ስለሆነ በዓመት 125 ጋሎን ይለያያሉ፤ ጋሎኑ 3 ዶላር ቢሆን በዓመት 375 ዶላር ይተርፋል፣ ልዩነቱም በስምንት ዓመት ይመለሳል። ብዙዎች ይህን አይተው ሀይብሪዱን ተዉት። ነገር ግን የሀይብሪዱ መነሻ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ሲሆን የቤንዚኑ መነሻ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ ነበር፤ ለቤንዚኑ ያንን ለመጨመር 1,400 ዶላር ይጠየቅ ነበር። አራቱም ጎማ የሚያስፈልገው ሰው ትክክለኛ ልዩነቱ 1,600 ዶላር ያህል ብቻ ስለሆነ ከአራት ዓመት ጥቂት አልፎ ይመለስለታል። አንድ አማራጭ ሳይታይ በመቅረቱ ስሌቱ በእጥፍ ተሳሳተ።

በወርሃዊ ክፍያ ማወዳደር ደግሞ እጅግ አሳዛኙ ነው። ሻጩ «በወር ስንት ይመችዎታል?» ብሎ ሲጀምር ዋጋው ከጠረጴዛው ላይ ይነሣል። 32,000 ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ቢበደሩ በ60 ወር የሚከፈለው በወር 634 ዶላር፣ በ84 ወር 483 ዶላር ነው። ስለዚህ ውዱ መኪና በረጅሙ ጊዜ ከርካሹ በአጭሩ ጊዜ «ያነሰ» ይመስላል። በእውነቱ ግን በ84 ወር የሚከፈለው ወለድ በ2,550 ዶላር ያህል ይበልጣል፤ መኪናውም ዋጋው ከዕዳው በታች ወርዶ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። እኔ ራሴ በዚያ ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጬ ይህን ጥያቄ እንድጠይቅ ተምሬያለሁ፤ ከፊቴ የተቀመጡት እናቶችና አባቶች በሙሉ እምነት ሲመልሱልኝም አይቻለሁ። ጠቅላላውን ዋጋ፣ የማጓጓዣውንና የሰነድ ክፍያውን፣ ያልጠየቃችሁትንም ተጨማሪ ዕቃ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አስጽፋችሁ እስክትቀበሉ ድረስ ስለ ወር አትነጋገሩ።

የምትኖሩበት ግዛትም ስሌቱን ይለውጠዋል። ቨርጂኒያ በግዢ ጊዜ 4.15 በመቶ፣ ሜሪላንድ ከጁላይ 2025 ወዲህ 6.5 በመቶ ታስከፍላለች፤ ነገር ግን በቨርጂኒያ ካውንቲዎችና ከተሞች በመኪናው ዋጋ ላይ የተመሠረተ ግብር በየዓመቱ ስለሚጠይቁ ውድ መኪና እዚያ በየዓመቱ ያስከፍላል። ቨርጂኒያ በተጨማሪ በአማካይ በጋሎን 25 ማይልና ከዚያ በላይ የሚሄዱ መኪኖችን የአውራ ጎዳና መጠቀሚያ ክፍያ ታስከፍላቸዋለች፤ ክፍያው ሀይብሪዱን ለመተው የሚያበቃ አይደለም፣ ከሚተርፈው የነዳጅ ገንዘብ ላይ ግን መቀነስ አለበት።

ኢንሹራንስን ከፈረሙ በኋላ መጠየቅም የተለመደ ስህተት ነው። ሁለቱ መኪኖች በእጃችሁ እንደቀሩ የእያንዳንዳቸውን የሻንሲ ቁጥር ከሻጩ ተቀብላችሁ ለኢንሹራንሳችሁ ደውሉ፤ ታዳጊ ልጅ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ከተቃረበም ስሙን አብራችሁ ንገሩ፣ ያኔ የሚነገራችሁ ዋጋ ከነዳጁ ልዩነት ሊበልጥ ይችላልና።